ከጉማምባ መልስ

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ቁጭ አድርጎ ያሳድርሻል? የላክሁልሽን ሽሮፕ ለጎረቤት ልጅ አጠጥተሽ እንዳልጨረስሽው እርግጠኛ አይደለሁም፤ አውቅሻለሁና። ታናሼ ምስጋናውስ እንዴት ነው? ጤፉ ለአጨዳ ደረሰ? ላሟ ወለደች? እኔ እንደሆነ የሰማይ አምላክ ይክበር ይመስገን፣ ከእግሬ በቀር ምንም አልሆንሁም። እግሬን ግን አትጠይቂኝ። ሁለቱም አብጠው የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ አቅቶኛል፤ ደንበኞቼ ሁሉ ተቆጥተው ተቀምጠዋል፤ ይቆጡ።

ስልኩ ቢሠራ ኖሮ ድምፄን ትሰሚ ነበር። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ግን ማርቆስም እንደ ገጠሩ ወደ ወረቀት ተመልሳለች። ይህን ወረቀት የሚያደርሱልሽ አባባ የሺዋስ ናቸው። አዎ፣ ራሳቸው። ቤቴ ደጃፍ ቆመው ልሰናበታቸው ስል፣ ለእናትሽ ጻፊላት፣ እኔ በእጄ እሰጣታለሁ አሉኝ። ቀጥለውም፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚሰማው አድርገሽ ጻፊው አሉኝ። ስለዚህ ዲያቆን ዘማርያም፣ መቼም የምታነበው አንተ ነህ፣ እንደ ልማድህ እየዘለልህ አታንብብ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ ከላይ እስከ ታች አንብበው። እነ ጌቱም ይስሙት። ካልመጡ ሰው ላክባቸውና ይምጡ።

ዘማርያም ያን ጊዜ ለትምህርት ርቆ ነበርና ነገሩን ከሥሩ ልናገር። በሰው ፊት አንድ ጊዜ ጠርቶ መነገሩም አይጠላም። የዛሬ ሦስት ዓመት ታላቄ ቢያዝን በድንበር ጠብ የአባባ የሺዋስን ልጅ የኔአለምን ገደለ። መግደሉን ማንም አልካደም፤ አንቺም አልካድሽም። ገድሎ ሸሸ። ትንሽ ቆይቶ ልብሱና ዱላው ዓባይ ዳር ተገኘ፤ ውኃው በላው ተባለ። ሬሳ ስለሌለ በልብሱ ፍትሐት ተፈታለት፣ ተስካሩም ወጣ። ሽማግሎቹም ገዳዩን እግዜር ከፈረደበት ደሙ ደርቋል ብለው ሁለቱን ቤት አስታረቁ። አንቺ በታቦት ፊት ቆመሽ "ልጄ ሞቷል" ብለሽ ማልሽ። ምስጋናውም በዚያ መሐላሽ ተከልሎ ገበያ ወጥቶ መግባት ጀመረ።

የዚያን ሰሞን እኔን አቅፈሽ፣ ከእንግዲህ ታላቋ አንቺ ነሽ አልሽኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ በየደብዳቤዬ መጨረሻ "ታላቋ ልጅሽ" እያልሁ ስፈርም ኖርሁ። ዘማርያም እንደነገረኝ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ነጠላሽን ወደ ዓይንሽ ትወስጂያለሽ አሉ። ምን ላድርግ፤ ቦታውን የሰጠሽኝ ራስሽ ነሽ።

ያቺ ወለተ ሰንበት ባትሳለም ምን ነበረበት! ጉማምባ ገዳም ወጥታ፣ ዋሻ ለዋሻ ዞራ፣ ጸበሏን ጠጥታ መምጣት ሲበቃት፣ ቢያዝንን የመሰለ መነኩሴ አየሁ፣ ቅንድቡ ላይ ያቺ የበሬ ቀንድ የተወበት ጠባሳ አለችው ብላ መጣች። ክፉ አስባ አይደለም፤ ምላሷ አያርፍም እንጂ ልቧ ደግ ነው። ወሬው ግን ከእርሷ ቀድሞ አገር ገባ። የየኔአለም ወንድም ጌቱ ደሙን አስታወሰ። ገዳዩ ካለ መሐላው ሐሰት ነው፣ እሱ ዋሻ ቢገባ ወንድሙ ደጅ ነው አለ። ምስጋናው ደምበጫ ገበያ መሄድ ተወ፤ እንኳን ገበያ ማሳው ላይ መቆም ፈራ። ሽማግሎቹ ዳግመኛ ተቀመጡና ከሁለቱም ቤት አንድ አንድ ሰው ሄዶ አይቶ ይምጣ፣ ነው ካሉ ነው፣ አይደለም ካሉ አይደለም ብለው ቆረጡ። ከእኛ ቤት እኔ ከማርቆስ ተጠራሁ። ከእነሱ ቤት ጌቱ ሲጠበቅ አባባ የሺዋስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። የልጄን ገዳይ ፊት ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም አሉ።

እውነታቸውን ነው። ቢያዝን ያደገው በእሳቸው ግቢ ከየኔአለም ጋር ነው። ያቺ ጠባሳም የእሳቸው በሬ ሲወጋው የቀረችበት ናት። ደሙ እምቢ ሲል በአውራ ጣታቸው ቁስሉን ይዘው፣ አዝለውት እስከ ጤና ጣቢያ የሮጡ እሳቸው ናቸው። ይህን አገር ያውቀዋል።

ስሰናበትሽ ያን ጋቢ ከሣጥን አውጥተሽ ሰጠሽኝ። ለማን እንደፈተልሽው፣ ሳይለብሰው እንደሄደም ሁሉም ያውቃል። ብርድ አገር ነው ያዢው፣ ግን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ እንዳታኖሪብኝ አልሽኝ። እሺ አልሁሽ። ቃሌን ጠብቄአለሁ እማዬ። እኔ ለማንም አልሰጠሁትም።

መንገዱን ምን ብዬ ልንገርሽ! ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ ሲሉን ማርቆስ ላይ ከረምንና በመጨረሻ መርጡለ ማርያም የሚሄድ አውቶቡስ አገኘን። አባባ የሺዋስ አጠገቤ አልተቀመጡም። ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠው ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው መንገዱን ብቻ ያያሉ። ረፋድ ላይ የጋገርሽልንን ዳቦ ከፍቼ ቆርሼ ወሰድሁላቸው። ዳቦውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አፍሬ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። እርቁ ደሙን አድርቆት ይሆናል እንጂ ከደመኛ ቤት እህል የሚያስቀምስ አንጀት አልሰጣቸውም። አንቺ በየዓመቱ በየኔአለም መታሰቢያ ዳቦ ጋግረሽ ደጃቸው ድረስ ተሸክመሽ ትሄጂ የለ? እስኪያሰናብቱሽ ድረስ ከአጥር ውጭ ትቆሚ የለ? ያን ዳቦ አንድ ቀን ቀምሰውት አያውቁም። ለነዳያን ነው የሚሰጡት። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ስንመለስ።

ሌላም ነገር ነበር፤ ልናገረው። በቀኝ ጎናቸው ከኮታቸው ሥር አንድ የጎበጠ ነገር ነበር። ልብስ ስሰፋ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ኮት በምን ምክንያት እንደሚወጠር አውቃለሁ። ጌቱ ያስያዛቸው ብረት መሆኑ አልጠፋኝም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። መነኩሴው ቢያዝን ሆኖ ቢገኝስ? እዚያው በእግዚአብሔር ቤት ደም ቢፈስስ? ወይም ምንም ሳይሉ ተመልሰው ነው ቢሉና ጌቱ ወደ ምስጋናው ቢመጣስ? የትኛውን ልመኝ? እሱ ከሆነ ምስጋናውን አጣለሁ፤ እሱ ካልሆነ ታላቄ እንደገና ይሞትብኛል። እንደዚያ ያለ ጸሎት ጸልየሽ ታውቂያለሽ? አፌ "እሱ አይሁን" ይላል፣ ሆዴ "እሱ ይሁን" ይላል። እግዜርም ግራ ሳይገባው አይቀርም።

ከመርጡለ ማርያም በማግስቱ በእግር ወረድን። ጉማምባን ከሩቅ ስታያት ተራራ አትመስልም፤ ደመና የተቀመጠበት ጥቁር ነገር ናት። ደጋ ነው ብዬ ሹራብ ደራርቤ ሄድሁ፤ ደኑ ውስጥ ስንገባ ወበቁ ልብሴን ሁሉ አጣበቀው። ዓባይ በረሃው ከታች ይተነፍሳል፣ ደመናው ከላይ ይጫናል፣ ዛፉ በመሃል ያልበዋል። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ከዛፍ በታች ግን ገና ይዘንባል። ዝግባው፣ ወይራው፣ ዋንዛው ሁሉ ሽበት አብቅሏል፤ ሐረጉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ተወራርሶ ፀሐይ የሚባል ነገር አያሳልፍም። በእኩለ ቀን አመሻሽ ይመስላል። ጉሬዛ ከላይ ሲያጉረመርም ሰው የሚያጣጥር መስሎኝ ሁለት ጊዜ ማርያምን ጠራሁ። አልቅቱን አልነግርሽም፤ ከቁርጭምጭሚቴ ላይ ያወረድሁትን ብታዪ ሳልሽ ይብስብሻል።

ቆንጆ ነው የሚሉ አሉ። ከአዲስ አበባ ካሜራ ይዘው እየመጡ ፎቶ የሚነሡበት ጊዜ ነበር አሉ፤ አሁን መንገዱ ሲከፋ ቀሩ። እኔ ግን አልወደድሁትም። ሰው ሊጠፋበት ፈልጎ የሚገባበት አገር ነው። ድምፅሽ ራሱ ብዙ ሳይሄድ ይጠፋል።

ዋሻዎቹ ያሉት ከደኑ በላይ ካለው ገደል ላይ ነው። ገደሉ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው፤ አንዳንዱ ዋሻ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት፣ አንዳንዱ መንጋ የሚያስገባ። ከመድረሳችን በፊት አንድ ትልቅ ዝግባ አለ። እዚያ ጫማ ይወልቃል፣ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይቀመጣል፤ ቢላዋም ቢሆን። ጠባቂው ምን ይዛችኋል ሲል መቀሴን አውጥቼ ሰጠሁት፤ መቀስ ይዘሽ ለምን ሄድሽ አትበዪኝ፣ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ ዓይኔን በአባባ የሺዋስ ላይ ተከልሁ። እጃቸውን ኮታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ጠባቂውም ከመንገዱ አልተነሣም። በመጨረሻ ኮታቸውን ገልጠው በጨርቅ የተጠቀለለውን ነገር አወጡና ከዛፉ ሥር አኖሩት። ያን ጊዜ ነው የተነፈስሁት።

ሴት ከእንግዳው ዋሻ አታልፍም። የገዳሙ መጋቢ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ መነኩሴ፣ እዚያ ተቀበሉን። አባባ የሺዋስ የመጣነው አንድ ሰው ፍለጋ ነው አሉና የቢያዝንን ስም ጠሩ። መጋቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚህ የሚመነኩስ ሰው ቆቡን ሲቀበል መሬት ላይ ተጋድሞ በሰሌን ተሸፍኖ ፍትሐት ይፈታለታል፤ ከዚያ ወዲያ የዓለም ስም፣ አገር፣ ዘመድ የለውም፣ እኛም አንጠይቀውም አሉ። "እዚህ ያሉት ሁሉ ሙታን ናቸው" አሉ።

አባባ የሺዋስም፣ "እኔም የመጣሁት የሞተ ሰው ፍለጋ ነው" አሏቸው።

መጋቢው፣ ተቀመጡ፣ እግራችሁ ይታጠብ አሉ። የገዳሙ ደንብ ነው፤ ማንም ይምጣ ማን፣ ባለ ተራው መነኩሴ ወጥቶ የእንግዳውን እግር አጥቦ ይስማል። ሴቶቹን አንዲት እማሆይ ታጥባለች። እኔ ከዋሻው ወዲያ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እማሆይ እግሬን ስትይዝ፣ ከውስጥ አንድ መነኩሴ የውኃ ገበቴ ይዞ ወጣና አባባ የሺዋስ ፊት ተንበረከከ። አባ አካለ ወልድ ይባላል አሉኝ።

አሁን ዘማርያም በደንብ አንብብ። ወለተ ሰንበት ያየችው መነኩሴ ይህ ነው። እኔም አየሁት። እማዬ፣ ቢያዝን አይደለም። ቢያዝን ቀጥ ያለ ቁመና ነበረው፤ ይህ እንደ ሽማግሌ የጎበጠ ነው። ቢያዝን ወፍራም ክንድ ነበረው፤ ይህ አጥንቱ ይቆጠራል። ቢያዝን ሲስቅ ከሩቅ ይሰማል፤ ይህ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። ጠባሳውን እንደሆነ ቆቡን እስከ ዓይኑ ስቦት ነበርና አላየሁም። እንደ ቢያዝን ግራኝ ይሁን አይሁን አላስተዋልሁም፤ ዋሻው ጨለማ ነው፣ የእኔንም ዓይን መርፌ ጨርሶታል።

ያየሁትን ግን ልንገርሽ። የአባባ የሺዋስን ቀኝ እግር አንሥቶ ውኃ ውስጥ ሲያገባ እጁ ቆመ። የእሳቸውን እግር ታውቂዋለሽ፤ ትንሿን ጣት ማረሻ ቆርጧታል። እንደዚያ ያለ እግር አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ቆሞ ቆሞ እንደገና ማጠብ ጀመረ። አባባ የሺዋስ ወደ ታች አላዩም። ፊታቸውን ወደ መጋቢው አድርገው ማውራት ጀመሩ። እኔ በዚህ ሁሉ መንገድ ሦስት ቃል ያላገኘሁባቸው ሰውዬ!

ልጄ ሞተብኝ አሉ። የገደለው ልጅ በእኔ ግቢ ያደገ ነው፣ እንጀራዬን የበላ ነው አሉ። እናት አለችው፤ ዓመት በመጣ ቁጥር በልጄ ቀን ዳቦ ይዛ ደጄ ትቆማለች። አንድ ቀን ግቢ አላልኋትም። ዘንድሮ ስትቆም ሳል ይጥላት ነበር፤ አጥሩን ይዛ ስትስል በቀዳዳ አየኋት፣ አሁንም ግቢ አላልኋትም አሉ። ቡሬ የሚባል በሬዋ ሞቶባታል፣ ማሳዋ ጦም ሊያድር ነው። የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም ቤት ተዘግቶበት ተቀምጧል አሉ። የእሷን ልጅ ነፍስ የቀረው ልጄ በእጁ ይዟታል፣ እሱን ደግሞ ከደም ማን እንደሚይዝልኝ አላውቅም፤ ሁለት ቀብሬ መሞት አልፈልግም አሉ።

ይህን ሁሉ ሲናገሩ ያ መነኩሴ ያጥባል። የታጠበውን እግር ይደግመዋል። የቡሬ ነገር ሲነሣ በጉልበቱ ከመቆም መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ድሮ ገበሬ የነበረ ሰው መሆን አለበት፣ የበሬ ሞት ይገባዋል። ያንቺ ሳል ሲነሣ ደግሞ ግንባሩን እግራቸው ላይ አደረገ። መሳሙ ደንብ ነው፤ ቀና አለማለቱ ግን ደንቡ መሆኑን አላውቅም። ከፊቱ ውኃ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ዋሻው ያንጠባጥባል፤ ከጣሪያው ይሆናል።

ከዚያ አባባ የሺዋስ ጎንበስ አሉ። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና አደረጉት። ቆቡን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ገፉት፣ ጣታቸውን ቅንድቡ ላይ አኖሩና ቆዩ። ያኔ ልጅ ሆኖ ደሙን እንደያዙት ዓይነት አያያዝ ነው የያዙት። እኔ እግሬ ውኃ ውስጥ እንደሆነ ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ። እማሆይ ቀሚሴን ይዛ ተቀመጪ ትለኛለች። የምስጋናው ነፍስ በዚያች ጣት ሥር ነበረች እማዬ። የሌላም ሰው ነፍስ ነበረ። ጌታ ሆይ፣ ምን ልታሰኛቸው ነው እያልሁ ነበር።

"አይደለም" አሉ።

መጋቢው አልሰሙ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። "ልጄን የገደለው ይህ አይደለም። እሱን ዓባይ በልቶታል። ይህ መነኩሴ ነው።"

ያሉት ይኸው ነው። ቃል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። ጌቱ፣ አባትህ አጠገብህ ካሉ ጠይቃቸው። ከአባትህ በላይ ዓይን ካለህ ደግሞ ራስህ ሂድ፤ ግን አባትህን ሐሰተኛ አድርገህ ነው የምትሄደው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ልጄ ያን ጋቢ አቀብዪኝ፣ በረደኝ አሉኝ። ልጄ ብለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። ዋሻው በእርግጥ ይበርዳል። አቀበልኋቸው። ለብሰውት፣ የሠርክ ጸሎት ደርሶ ነበርና ከመነኩሴውና ከመጋቢው ጋር ወደ ውስጠኛው ዋሻ ገቡ። እኔ ሴት ነኝ፤ እዚያው ቀረሁ።

ዝናቡ እንደገና መጣ። በደጁ ላይ እንደ መጋረጃ ወረደና ደኑ ሁሉ ጠፋ። እማሆይ ቆሎ ሰጠችኝ፤ አልወርድ አለኝ። ከውስጥ የጸሎት ድምፅ ይመጣል፣ ይቆማል። አንድ ጊዜ ግን ጸሎት ያልሆነ ድምፅ ሰማሁ፤ የወንድ ልቅሶ፣ ያውም የሁለት ሰው ይመስላል። እማሆይ የሌሊት ወፍ ነው አለችኝ። የሌሊት ወፍ እንደዚያ እንደሚያለቅስ አላውቅም ነበር። ሰው አገር ካልዞረ ምን ያውቃል።

አባባ የሺዋስ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ጭሱ ነው አሉኝ። እኔ ጭስ አላየሁም፣ ግን እሺ አልሁ። ዝግባው ጋ ስንደርስ ጠባቂው ያን የተጠቀለለ ነገር አቀበላቸው። የእኔ አይደለም፣ ለባለቤቱ እመልስለታለሁ አሉና ቦርሳቸው ሥር ከተቱት። ጌቱ፣ እንደሄደ ተመልሶልሃል፤ አልተነካም።

ቁልቁለቱን ወርደን ከደኑ ስንወጣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።  ያ የእናትሽ ዳቦ አለ ወይ አሉኝ። ደርቋል አባባ አልኋቸው። ይሁን አሉ። አወጣሁላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አማትበው፣ ቆርሰው በሉ እማዬ። ጥርስ የላቸውም፤ በውኃ እያራሱ እያንዳንዷን ፍርፋሪ ከመዳፋቸው ላይ ለቀሙ። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስሁ። ለምን እንዳለቀስሁ የሚጠይቅ ካለ፣ ያን ሁሉ አገር በከንቱ ተንከራተትን ብላ ነው በሉት።

በመንገድ አንድ ነገር ልጠይቃቸው አፌን ከፈትሁ። "ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም" አሉኝ። ዘጋሁት። እኔ፣ አፍሽ እንደ መቀስሽ ነው የምትዪኝ ልጅሽ፣ ከዚያ እስከ ማርቆስ ዝም አልሁ። ይህን ብቻ ብትሰሚ ምን ያህል ነገር እንደ ሆነ ይገባሻል።

አሁን የማዝሽን ስሚኝ። ምስጋናው ቅዳሜ ገበያ ይውጣ፤ ደረቱን ነፍቶ ይውጣ። ጤፉም ይታጨድ። ማቅሽን አውልቂ፤ ሦስት ዓመት ለማንም ይበቃል። ለነፍሱ የምታበሪውን ሻማ ከእንግዲህ ተይው፤ ማብራቱ ካልቀረልሽ በየዋሻው ለሚጸልዩት ብለሽ አብሪ። በታቦት ፊት ስለ ማልሽው መሐላ ልብሽ እንዳይጨነቅ። የተፈታ ፍትሐት የተፈታ ነው፤ የማልሽው አልፈረሰም።

አንድ ነገር ደግሞ በማርያም ይዤሻለሁ። ጉማምባ ልሳለም ብለሽ እንዳትነሺ። ዛሬም፣ ሲሻልሽም፣ መንገዱ ሰላም ሲሆንም። ደኑ ለደረትሽ አይሆንም። ሴት ከእንግዳው ዋሻ አታልፍም። ብትሄጂም የሚታይ ነገር የለም፤ ድንጋይና ዝናብ ነው። አንቺ እዚያ ከታየሽ ወሬ ይነሣል፣ ወሬ ከተነሣ የሚሆነውን አይተነዋል። ይህን ስጽፍ እጄ እሺ ብሎኝ አይደለም። የእናት ሆድ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሆድ ይፍጀው እማዬ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ከአባባ የሺዋስ ጋር ጨውና ሳሙና፣ ሁለተኛ ሽሮፕ፣ ለምስጋናው የሰፋሁለትን ሱሪ ልኬአለሁ። ሽሮፑን ራስሽ ጠጪው። የሚቀጥለው የየኔአለም ቀን ሲደርስ ዳቦውን እንደ ልማድሽ ጋግሪ፤ ከአጥሩ ውጭ ግን አትቁሚ፤ ግቢ የሚልሽ ሰው ይኖራል።

ጋቢውን ከዕቃው ውስጥ አትፈልጊው። አባባ የሺዋስ ለብሰውት ወደ ውስጠኛው ዋሻ እንደገቡ ነግሬሻለሁ። ሲወጡ በኮታቸው ብቻ ነበሩ። ለገዳሙ ሰጠሁት ነው ያሉኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋቸውም፤ አንቺም አትጠይቂያቸው። ልክ እንደሆነው ግን ነገሩኝ፤ አንዲት ስንዝር አልረዘመም፣ አንዲት ስንዝር አላጠረም አሉ።

ሳልሽን ማርያም በእጇ ትዳብስልሽ። ደጅሽ በሰው፣ ጎተራሽ በእህል ይሙላ። የጠራሽውን ስም ሁሉ እግዜር ይስማልሽ። ጎረቤቱን፣ ሽማግሎቹን፣ ጌቱንም ጭምር ሰላም በይልኝ። ዘማርያም፣ ስላነበብህ ዕድሜ ይስጥህ፤ የመጨረሻዋንም መስመር ሳትዘልል አንብብላት።

ሁልጊዜ የምትናፍቅሽ፣
መካከለኛዋ ልጅሽ